ለየኔታ የገዛሁት ቀይ ናስትሮ

ስሙኝማ! ዓይነ ስውሩ የኔታችን አንድ ጠዋት ጠበል መስሏቸው በረኪና ሊጎነጩ ከንፈራቸው ላይ አድርሰውት ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ነበሩ፤ ጉንፋን አፍንጫቸውን ደፍኖት ሽታውም አልነገራቸውም። ከንፈራቸውን ሲለበልባቸው መለሱት እንጂ ያን ቀን ቀባሪዎች ነበርን። አገር የማስቅ ሰው ሳቅ ጠፋብኝ፤ በረኪናው ላይ የማደርገው ምልክት ልገዛ መካነ ሰላም ገበያ በሁለት እርምጃ ደረስኩ። ባለሱቁ ነጩን ፕላስተር ቢያሳየኝ፣ "ይህ አይታይም፤ ሞት ያለበት ዕቃ ነው!" ብዬ ኤሌክትሪክ ሠሪዎች ሽቦ የሚጠቀልሉበትን ቀይ ናስትሮ መረጥኩ። የበረኪናውን ፕላስቲክ ከአንገቱ እስከ ቂጡ ጠቀለልኩት፤ ቅላቱ ማዶ ወግዲ ወረዳ ላለ ሰው ይታያል።

"የኔታ፣ ከእንግዲህ ቀዩን እንዳይነኩ!" አልኳቸው።

ሁለቱንም ቀስ ብለው ዳበሱና፣ "ቀዩ የትኛው ነው ልጄ?" አሉኝ።

ሰባት ወረዳ በምላሴ የማዳርሰው ሰውዬ፣ ናስትሮውን በጣቴ ዳበስኩት። ለካ ናስትሮው እንደ ፕላስቲኩ ልሙጥ ነው! ነገሩ ገባቸውና፣ "አብሽር፤ አጠማዝዘህ እንደ ገመድ እሰርልኝ" አሉ። እንዳሉት አጠማዝዤ አንገቱ ላይ ሦስት ቀለበት አወጣሁለት። በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። "አሁን አወቅሁት" አሉና ቀለበት የሌለውን አንስተው መዳፌ ላይ ጠበል አፈሰሱልኝ።

"በል ቅመስ።"

ዓይን ያለኝ እኔ፣ ሁለት ጊዜ አሽትቼ ጠጣሁ።