የእማማ አጥር

ልደታ ያለው አሮጌ ድልድይ ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ ከሆነ ወዲህ፣ የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ሲያንገሸግሸኝ በዚያ በኩል በእግሬ ነው የማዘግመው። ባለፈው ወንዙ ዳር ወርጄ አንዱ አዲስ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ እንዳልኩ አንዲት አሮጊት መጡ። ደንብ ነውና ብድግ ብዬ «ኖር እማማ» አልኳቸው።

«በእግዜር! ምነው ልጄ፣ እንግዳ ይነሳል እንዴ? ቁጭ በል።»

እንግዳው እኔ ነኝ? ግራ እየገባኝ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አረፍ ብለው በምርኩዛቸው አሳዩኝ። ወንበሩ ያለበት ጓዳቸው ነበር፤ አበባው የተተከለበት ደግሞ ሳሎናቸው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከተማው ዳር ገብተዋል።

«ታዲያ ቅር አላለዎትም?»

«አበባውስ አምሮበታል። ወንዙ በሞላ ቁጥር ዕቃ አልጋ ላይ መከመርም ቀረ።»

መሸብኝና ስሰናበታቸው አብረውኝ ተነሱ። «ኧረ አይድከሙ» ብላቸው አልሰሙኝም። ሰው የሚንሸራሸርበት ንጣፍ ላይ ጥቂት አብረን እንደሄድን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በል ደህና ግባ፤ አጥሬ እዚህ ድረስ ነበር።»