በሊትር አምስት

ጎባ፣ ሐሙስ ጠዋት፤ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር የሆኑት ጋሽ ቃሲምና ከአዲስ አበባ የመጣችው የስምሪት ኃላፊ ዮዲት ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ጭነት በሞላባት ትልቅ ፒክአፕ አጠገብ ቆመዋል።

ዮዲት፦ አይንኩት! ክዳኑን እኔ ነኝ የምዘጋው።

ቃሲም፦ ይዝጉት። ጠበቅ ስለሚል ልርዳዎት ብዬ ነው።

ዮዲት፦ አያስፈልግም። አሁን ደግሞ ይህን ፕላስተር ዙሪያውን እለጥፍበትና እፈርምበታለሁ። መና ከተማ ደርሰን እስክንመለስ ማንም አይነካውም።

ቃሲም፦ እኔም ላይ አንድ ቦታ ይፈርሙ።

ዮዲት፦ ጋሽ ቃሲም፣ ቀልድ አይደለም።

ቃሲም፦ እኔስ መቼ ቀለድኩ? ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ይዤ ታንከር ሲታሸግብኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ዮዲት፦ ሰባት ሳምንት ሙሉ በየሐሙሱ አንድ አንድ ጀሪካን ቤንዚን የጠፋባት መኪናም ለእኔ የመጀመሪያዬ ናት። መና ደርሶ መልስ ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ካታሎጉ በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ሃያ አምስት ሊትር ሊበቃ ይገባው ነበር። እርስዎ ግን አርባ አራት ይሞላሉ።

ቃሲም፦ በሊትር አምስት ነው የምትሄደው። ስንት ጊዜ ልጻፍላችሁ?

ዮዲት፦ ጽፈዋል። ያልጻፉት ትርፉ የት እንደሚገባ ነው።

ቃሲም፦ በጭስ ማውጫዋ ነዋ የሚወጣው! ስምንት ሲሊንደር ነው ያላት። ለጋሾቹ ከአሜሪካ በመርከብ ሲልኳት ጥሩ አስፋልት ላይ ባዶዋን የነዷትን ነው ካታሎጉ ላይ የጻፉት። የሳነቴን ዳገት አላዩትም። በሉ ይግቡ፣ ጭጋጉ ሳይወርድ እንለፍ።

ዮዲት፦ ልግባ። ኪሎ ሜትሩን ፎቶ አንስቻለሁ፤ እንሂድ።

ቃሲም፦ ቀበቶዎን ይሰሩ።

ዮዲት፦ ገና ከከተማ ሳንወጣ ለምንድን ነው እንዲህ የምትጮኸው? ከባድ ማርሽ አስገብተው ሆን ብለው እያስበሏት አይደለም?

ቃሲም፦ ማርሹን ራሷ ናት የምትቀይረው። እኔ እዚህ ጋ ሥራዬ መሪ መያዝና መጠርጠር ብቻ ነው።

ዮዲት፦ እኔ በግል ጠልቼዎት አይደለም የመጣሁት።

ቃሲም፦ አውቃለሁ። የመጡት የሥራ አስኪያጁን አማች በእኔ ቦታ ለማስገባት ነው።

ዮዲት፦ ምን? ማን ነው ያለው?

ቃሲም፦ ዘበኛው።

ዮዲት፦ ሥራ አስኪያጁ አማች ይኑራቸው አይኑራቸው እንኳ አላውቅም! የታዘዝኩት አንድ ነገር ነው፤ መና ደርሼ ተመልሼ ልክክ ያለ ቁጥር ማምጣት። ቁጥሩ ካታሎጉ ጋ ከቀረበ እርስዎ ይሰናበታሉ። መንገዱን ሳልጨርስ ከተመለስኩም ቀድሞ የተጻፈብዎ ክስ እንዳለ ይጸናል። ውሳኔው ነገ ነው የሚፈረመው።

ቃሲም፦ ነገ?

ዮዲት፦ ነገ።

ቃሲም፦ እንግዲህ ዛሬን በደንብ ልንዳ።

ዮዲት፦ ዳሽቦርዱ ላይ አሥራ ሁለት የሚለው ምንድን ነው?

ቃሲም፦ የቤንዚን ፍጆታ ነው ይላሉ። እኔ በማይልና በጋሎን አልቆጥርም፤ ታንከር በሞላሁ ቁጥር ነው የማውቀው።

ዮዲት፦ ቆይ በስልኬ ላስላው... አሥራ ሁለት ማይል በጋሎን... በሊትር አምስት ከትንሽ። እህ።

ቃሲም፦ እህ ምን?

ዮዲት፦ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ባለሙያ ካገኘ ይነካካል። በዚህ አልፈርድም።

ቃሲም፦ አላህ ያሳይዎት። እኔ የቤቴን ሬዲዮ ማስተካከል አቅቶኝ ልጄን ነው የምጠራው።

ዮዲት፦ ሜዳው ላይ የምትሮጠው ቀይ ቀበሮ ናት?

ቃሲም፦ ናት። ፎቶ እንዲያነሱ ልቁምልዎት?

ዮዲት፦ አይቁሙ! የትም እንዳይቆሙ።

ቃሲም፦ ቀበሮዋም ከእኔ ቤንዚን ትገዛለች?

ዮዲት፦ ጋሽ ቃሲም፣ ስለ መቆም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጨፌ ቡሉቅ የምትባል መንደር አለች፤ ቁልቁለቱን ወርደን ጫካው ውስጥ። ጂፒኤሱ ምን እንደሚያሳይ ያውቃሉ? በየሐሙሱ እዚያች መንደር ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ጎማው ቆሞ ሞተሩ ግን ይሠራል። ምን ያደርጋሉ?

ቃሲም፦ ሻይ እጠጣለሁ።

ዮዲት፦ ሁለት ሰዓት?

ቃሲም፦ ትኩስ ነው።

ዮዲት፦ ሞተር አስነስተው?

ቃሲም፦ ባትሪዋ ደካማ ናት፤ ካጠፋኋት አትነሳም ብዬ ፈርቼ ነው።

ዮዲት፦ ባትሪዋ የተቀየረችው በመጋቢት ነው። ደረሰኙን አይቻለሁ። ጋሽ ቃሲም?

ቃሲም፦ ቁልቁለት ነው፤ መንገዱን ልይበት።

ዮዲት፦ ይዩት። ዝም ማለትዎን ግን እጽፋለሁ።

ቃሲም፦ ይጻፉ።

ዮዲት፦ ያቺ መንደር ናት? መንገዱ ዳር የተቀመጡት ሴቶች እጃቸውን እያወዛወዙ ነው። ለእኛ ነው? ጋሽ ቃሲም፣ ለምን ፍጥነት ጨመሩ? ይቁሙ! ለምን አለፏቸው?

ቃሲም፦ አትቁም ብለውኝ የለ!

ዮዲት፦ አሁን ይቁሙ አልኩ! አንዷ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። አየሁ እኮ!

ቃሲም፦ ይኸው ቆምኩ። ውሃ ነው የያዘችው።

ዮዲት፦ ሄጄ አሸተዋለሁ። ቁልፉን ይስጡኝ።

ቃሲም፦ እንኩ።

ዮዲት፦ ...ውሃ ነው።

ቃሲም፦ ቀመሱት እንዴ?

ዮዲት፦ ሴቶቹ ሁሉም እርጉዝ ናቸው።

ቃሲም፦ ናቸው።

ዮዲት፦ አሥራ አንድ ናቸው። ነጭ ጋወን የለበሰች ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ በክንዷ ጠቅልላ ወደዚህ እየሮጠች ነው። ጋሽ ቃሲም፣ ምንድን ነው ነገሩ? ከእርስዎ አፍ ልስማው።

ቃሲም፦ እሷ ሲስተር ዘሐራ ናት፤ የጤና ኬላው አዋላጅ። የሆድ ውስጥ ልጅ የሚያሳይ አልትራሳውንድ አላት፤ መብራት ግን የላትም። የፀሐይ ኃይሉ ባትሪ ከሞተ ዓመት አለፈው። ይህች መኪና ደግሞ ከኋላ፣ ጭነቱ ጋ ሶኬት አላት። አንድ ሐሙስ እውነትም ሻይ ልጠጣ ቆሜ ሶኬቱን አየችው። "አንዲት ሴት ብቻ ልይበት" አለችኝ፤ እሺ አልኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ስመጣ ዘጠኝ ሴቶች መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። አንዷ አራት ሰዓት በእግሯ መጥታ ነበር። እንዴት ብዬ ልለፍ?

ዮዲት፦ ለምን አላሳወቁም ታዲያ?

ቃሲም፦ ከእርስዎ በፊት የነበረውን ኃላፊ ጠይቄው ነበር። "መኪናው ጄኔሬተር አይደለም፤ ሁለተኛ ብሰማ ትባረራለህ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሻይ ጠጪ ሆንኩ።

ዮዲት፦ ይህ ሁሉ ዛሬ እኔ ስለመጣሁ የተዘጋጀ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?

ቃሲም፦ አሥራ አንድ እርጉዝ? ለእርስዎ ብዬ?

ዮዲት፦ እሺ፣ ይሄስ ይቅር። ግን ያ ሁሉ ቤንዚን እዚህ ነው ያለቀው ሊሉኝ ነው?

ቃሲም፦ እንደዚያ ብል ዋሸሁ። ሁለት ሰዓት ቆማ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ሊትር ነው የምትበላው። ሌላው የዳገቱና የጭነቱ ነው። ያንን ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኩዎት ነው።

ዮዲት፦ ጫካው ውስጥ ሌላ የሚያቆሙበት ቦታ የለም?

ቃሲም፦ ጂፒኤሱን ይጠይቁት፤ እሱን ከእኔ አብልጠው ያምኑታል።

ዮዲት፦ አንድ ሰዓት እሰጣቸዋለሁ። የቆምንበትንም የተነሳንበትንም እጽፋለሁ። ቁልፉን ይያዙ፤ ያስነሱላት።

ቃሲም፦ ይጻፉ፣ ግድ የለም። እኔ ገመዱን ልዘርጋላት።

ዮዲት፦ ሃምሳ ደቂቃ ሆነ እኮ፤ ገና አራተኛዋ ላይ ናቸው። ሲስተር ዘሐራ ለምን ጠራችዎት? ፊትዎ ምን ሆነ?

ቃሲም፦ አራተኛዋ፣ ሸምሲያ የምትባለው ልጅ... እንግዴ ልጁ ከታች ሆኖ መውጫውን ዘግቶታል አለች። ከሌሊት ጀምሮ ደም እየታያት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ምጥ ከጀመራት እናትም ልጅም አይተርፉም። አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለባት።

ዮዲት፦ አምቡላንስስ?

ቃሲም፦ ሌላ ወላድ ይዞ ጠዋት ወደ መና ወርዷል። ነይ፣ የኋላውን ወንበር ዘርጊልኝ። ያንን ካርቶን ወደ ፊት ጎትቺው።

ዮዲት፦ ወደ ጎባ ሊመለሱ ነው?

ቃሲም፦ ቀዶ ሕክምና ያለው ጎባ ነው። ጋቢሽን ስጪኝ፣ ከራሷ ሥር ይሁን። ዘሐራ ከኋላ ትይዛታለች።

ዮዲት፦ ጋሽ ቃሲም፣ መና ሳንደርስ ከተመለስን ምን እንደሚሆን ነግሬዎታለሁ። ነገ እኮ ነው የሚፈርሙት።

ቃሲም፦ ሰምቼሻለሁ። በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው፤ እንዳታስደነግጫት።

ዮዲት፦ ...ዘግቻለሁ።

ቃሲም፦ ግሉኮሱን ከፍ አድርገሽ ያዢው፤ ወደ ኋላ ዞረሽ። ዳገቱን በእርጋታ ነው የምወጣው፤ ቢያናውጣት ይብስባታል። ቁጥሩ ይበላሻል እንግዲህ፤ በቀስታ ዳገት ስትወጣ ከሌላው ቀን ትብሳለች።

ዮዲት፦ ቁጥሩን ማን ጠየቀዎት አሁን?

ቃሲም፦ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ የጠየቅሽኝ ነገር የለማ።

ዮዲት፦ እጇ በረደብኝ። ጋሽ ቃሲም፣ እጇ በጣም ቀዝቅዟል።

ቃሲም፦ ማሞቂያውን ከፍቼዋለሁ። አዋሪያት።

ዮዲት፦ ኦሮምኛ አልችልም እኮ።

ቃሲም፦ በአማርኛ አዋሪያት፤ ድምፅ ይበቃታል።

ዮዲት፦ ምን ልበላት? እኔ... እሺ። ሸምሲያ፣ ሜዳው ላይ ደርሰናል፤ ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው። ጋሽ ቃሲም፣ እንዳይመስልሽ፣ ደህና ሾፌር ናቸው።

ቃሲም፦ ይህንን ወረቀት ላይ ጻፊልኝ።

ዮዲት፦ መንገዱን ይዩ!

ቃሲም፦ እያየሁ ነው። ከተማው ታየ። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘልለሽ ውረጂና አልጋ ይዘው እንዲወጡ ጥሪያቸው፤ እኔ ጡሩምባ እያሰማሁ እገባለሁ።

ዮዲት፦ እሺ... ቀስ፣ ቀስ... ወረድኩ!

ቃሲም፦ ካስገባናት ሰዓት አለፈ እኮ፤ ብርድ ላይ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ወደ ውስጥ ግቢ፤ ወይ ከጋቢናው ተቀመጪ። ጋቢሽንም ይዘውት ገቡ።

ዮዲት፦ ሲስተር ዘሐራ አሁን ደወለችልኝ። ሕፃኗ በቀዶ ሕክምና ወጥታለች። ሴት ልጅ ናት። እናትየው ደም ተሰጥቷታል፤ ትናገራለች።

ቃሲም፦ አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።

ዮዲት፦ ያልቅሱ፤ አልጽፈውም።

ቃሲም፦ አላለቀስኩም፤ የሳነቴ ነፋስ ዓይኔን መትቶኝ ነው። በይ አሁን ወደ ማደያው እንሂድ፤ የመጣሽበትን ጨርሺ።

ዮዲት፦ አጥብቀው የሚፈልጉት እርስዎ ነዎት?

ቃሲም፦ ያለ ቁጥር ስሜ ተነስቶ ነበር። ቢያንስ በቁጥር ይነሳ።

ዮዲት፦ እሺ። ...ፕላስተሩ እንዳለ ነው፤ ፊርማዬም አልተነካም። ቀድጄዋለሁ። ቀጂው እስከ አፉ ይሙላው፤ እኔ ማሽኑን አነባለሁ። የሄድነው መቶ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው።

ቃሲም፦ ስንት ወሰደች?

ዮዲት፦ ሃያ አምስት ሊትር።

ቃሲም፦ እና?

ዮዲት፦ በሊትር አምስት እንኳ አልሞላችም። ቆማ የበላችውን ብቀንስላት ነው አምስት የምትደርሰው። ካታሎጉ ለዚህ መንገድ አልተጻፈም። እርስዎ ሰባት ሳምንት የጻፉት ቁጥር ትክክል ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቃሲም፦ ይቅርታሽን እቀበላለሁ፤ ቆማ የበላችውንስ ምን ብለሽ ጻፍሽው?

ዮዲት፦ እንዳየሁት። "ጨፌ ቡሉቅ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ለአልትራሳውንድ ኃይል ስትሰጥ ሞተሩ ሠርቷል። ባለፉት ሐሙሶችም እንዲሁ።"

ቃሲም፦ ያለፉትንም?

ዮዲት፦ ያለፉትንም። ውሸት አልጽፍም።

ቃሲም፦ እንግዲያው ቁጥሩ ነጻ አወጣኝ፣ አንቺ አባረርሽኝ። መኪናው ጄኔሬተር አይደለም ተብሏል እኮ።

ዮዲት፦ ከሥሩ ያለውንም ያንብቡት።

ቃሲም፦ መነጽሬ... ቆይ። "የቀሩትን ሰባት ሴቶች ለማየት፣ ከዚያም በኋላ በየሐሙሱ፣ መኪናዋ በዚሁ መንደር ሁለት ሰዓት ቆማ ኃይል እንድትሰጥ፣ ለዚህም ስድስት ሊትር እንዲጨመርላት አዝዣለሁ። ዮዲት ገብረየስ፣ የስምሪት ኃላፊ።" ...ልጄ፣ አንቺ እንዲህ ያለ ነገር የማዘዝ ሥልጣን የለሽም እኮ! ይደርሱብሻል!

ዮዲት፦ አውቃለሁ። ለነገው ፊርማ ቁጥሩን ብቻ በስልክ እነግራቸዋለሁ፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪነበብ ግን ሦስት ሐሙስ እናገኛለን።