የመምህርት ይርገዱ ሰጠኝ ሕይወትና የቀረው ሠንጠረዥ

ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ይህን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ ታናሽ እህታቸው ወለላ ነኝ። በሰው ፊት መናገር አልለመድሁምና ድምፄ ቢያንስባችሁ ታገሡኝ።

መምህርት ይርገዱ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሰጠኝ ካሣዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታገኘሁ የሻው በ1934 ዓ.ም. በእንፍራንዝ ተወለዱ። አባታችን ለሴት ልጅ ፊደል መቁጠር ይበቃታል የሚሏቸውን ሳይሰሙ ጎንደር ሰደው አስተማሯቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ እኔም ተከተልሁ። በገባሁበት ክፍል ሁሉ ግን ስሜ «የይርገዱ እህት» ነበር። እርሳቸው አዲስ አበባ በፊዚክስ ተመርቀው በ1957 ዓ.ም. ለመምህርነት ወደ ጎንደር ሲመለሱ፣ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆኜ ጠበቅኋቸው፤ አባታችንም በዚያ ሰሞን ስለ ሌላ ነገር አላወሩም።

በ1959 ዓ.ም. ከአቶ ዳኛው ተገኘ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጽጌሬዳንና ዓለምነውን አፈሩ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜም አይከል ዘምተው ገበሬዎችን ማንበብና መጻፍ አስተማሩ።

በ1971 ዓ.ም. የማክሰኝቱ ባለ ወፍጮ አያ አዳሙ ሊያማክሯቸው መጥተው፣ «ምነው እመት ይርገዱ፣ ይህ ሞተር ሲነሣ የሚያብድበትና ሲበርድ የሚያብድበት ፍጥነት ለየቅል ሆነብኝ፤ እንደ ሰካራም መሄጃና መመለሻው አይገጥምም» ቢሏቸው፣ የሰማው ሁሉ ሲስቅ እህቴ ብቻ አልሳቁም። ከአሮጌ መጋዝ ቀጭን ብረት አስቆርጠው፣ ሁለት ጫፉን በሞርሳ መቆንጠጫ አሳስረው፣ ከሥሩ የሚነቀንቀው ሞተር አኑረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ መወዛወዙን ይለኩ ጀመር። ባልደረቦቻቸው «ይርገዱ ለብረት እስክስታ ታስተምራለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳቸው ፍጥነቱን ይቆጣጠራሉ፤ እኔ የመወዛወዙን ስፋት ከጎኑ ከቆመው ማስመሪያ፣ የሞተሩንም ዙር ከመለኪያው ላይ አይቼ ቁጥሩን እጠራለሁ።

ፍጥነቱ ሲጨመር መወዛወዙ እየሰፋ ሄዶ በአንድ ልክ ላይ ድንገት ይወድቃል፤ ሲቀነስ ግን እዚያው ልክ ላይ አይነሣም፤ እጅግ ዝቅ ብሎ በሌላ ልክ ላይ ዘሎ ይነሣል። በሁለቱ መካከል ባለው ፍጥነት ብረቱ በሰፊውም በጠባቡም ረግቶ መወዛወዝ ይችላል፤ በጣት ሲነኩት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የአያ አዳሙ ወፍጮ ነገር ተገለጠ።

ጽሑፉን ለአንድ የአዲስ አበባ የምሁራን ጉባኤ ለመላክ በታይፕ እንድገለብጥ ሰጡኝ። በሽፋኑ ላይ የእርሳቸው ስም ብቻ ነበር፤ እኔ ያን ሁሉ ቅዳሜ ቆሜ ዓይኔ እስኪያነባ የቆጠርሁት አልተጻፈም። ቅናት ያዘኝ። የመጨመሪያውን ሠንጠረዥ ጻፍሁ፣ የመቀነሻውን ተውሁ፤ ካርቦን ጠፋ ብዬ ቅጂ ሳላስቀር ፖስታውን በእጄ አሸግሁ። ከሰባት ወር በኋላ «በመማሪያ መጽሐፍ ካለው የተለየ ነገር አልታየም» የሚል መልስ መጣ።

ያን ጊዜ፣ አንዱ ሠንጠረዥ መጉደሉን ሳያውቁ፣ ደንግጠው ወደ እኔ መጡና፣ «ምናልባት የፈለግሁትን ነው ያየሁት፤ ያ ብረት ሲመለስ በሌላ ልክ ላይ ሲነሣ በእርግጥ አይተሽ እንደሆነ ንገሪኝ» አሉኝ። ከእኔ በቀር ምስክር አልነበራቸውም። እኔም «አላስታውስም» አልኋቸው።

በማግሥቱ ብረቱን ከሞርሳው ፈትተው ለወርክሾፑ መለሱ፤ ዳግመኛም ስለዚያ ነገር አላነሡም። ስምንት ዓመት ሙሉ የመጽሐፉን ብቻ አስተማሩ። ተማሪ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ያን የመሰለ ደፋር ሰው ቀና ብለው ሳያዩ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ይሉ እንደ ነበር ባልደረቦቻቸው ታውቃላችሁ። ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። የልብ ሕመም ከጸናባቸው በኋላ ስድስት ወር አስታመምኋቸው፤ በየቀኑ ልነግራቸው ተነሥቼ በየቀኑ አፈርሁ። ግንቦት 11 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ስለዚህ በካህናቱና በባልደረቦቻቸው ፊት የዘገየውን ምስክርነቴን እሰጣለሁ። አይቻለሁ። ሲጨመር በሰከንድ በሠላሳ አንድ ዙር ወደቀ፤ ሲቀነስ በሃያ አራት ዙር ተነሣ። ቁጥሩንም የጠራሁት እኔ ነኝ።

መምህርት ይርገዱ ባለቤታቸውን አቶ ዳኛውን፣ ልጆቻቸውን ጽጌሬዳንና ዓለምነውን፣ የበደለቻቸውን አንዲት እህት ትተው ሄደዋል። «ያጽናሽ» ልትሉኝ የምትመጡ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ «ይርገዱ በትክክል አይተው ነበር» በሉልኝ። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ በሌለበት፣ በቅዱሳኑ ዕቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።