በእናት ቦታ

ሄሎ… ቆይ፣ ቆይ፣ እጄ ሳሙና ነው… ሄሎ? — ሰይፉ ነህ? በትከሻዬ ይዤው ስለሆነ ጮክ በል።

አለሁ፣ ደህና ነኝ። የእማን እግር እያጠብኩ ነው። … እግር። የእማን እግር። … ሄሎ? በኋላ ትደውላለህ?

አይ፣ አሁኑኑ ተናገር። ከሰዓት ተረኛ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ከገባሁ ስልክ አላነሳም። … አዎ፣ አጠገቤ ናት። እግሯ ሳፋ ውስጥ ሆኖ የት ትሂድ? … ትሰማለች እንጂ። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው እንጂ አማርኛ አሳምራ ነው የምትሰማው። ይልቅ የሐኪሙን ቃል በእንግሊዝኛ ተናገር፤ እንግሊዝኛ አትሰማም። ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል።

እማ፣ ሰይፈሥላሴ ነው። … ሰላም በይልኝ ትላለች። … እሱም ሰላም ብሎሻል እማ። — አላልክም፤ እኔ ነኝ ያልኩልህ። በል ቀጥል።

እናትህ እትዬ ጣይቱ ምን ሆኑ? … እ… እ… ዶክተር ጥዑመልሳን ማነው ደግሞ? … የአጎትህ ልጅ፣ አዲስ አበባ ያለው። እሺ። እሱ የእማን እግር የት አየው? … አላየም። እናትህ በስልክ ነገሩት፣ እሱም በስልክ መረመረ። ጎበዝ ሐኪም ነው።

ምን ምን አለ በል። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እፈታልሃለሁ፤ ለዚሁ አይደል የደወልከው?

ሊምፌዲማ። … ልክ ነው። እብጠት ማለት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ የሚዞረው ደም ብቻ አይደለም፣ ውሃም አለ። እግር ድረስ የወረደው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት ቀጭን መንገድ አለው፤ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ይቀራል፣ እግር ያብጣል። … የሚዘጋውማ አፈሩ ነው። ያ የደጋው ቀይ አፈር፣ ጨንቻ ስንወጣ ጫማህን ያበላሸብህ። ደቃቅ ነው። ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ሲያርስበት ለኖረ ሰው በውስጥ እግሩ ቆዳ አልፎ ይገባል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህን ነው።

… ዝሆኔም ይሉታል፣ አዎ። ዝሆኔ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ትንኝ የምታመጣው፣ በትል የሚመጣው ሌላ ነው። የእማ ትል የለበትም፤ ተመርምራለች።

ክሮኒክ አለህ? እሱም ልክ ነው። … አይ፣ የሚገድል ማለት አይደለም። አብሮህ የሚኖር ማለት ነው፤ አንተ ትንከባከበዋለህ፣ እሱም ይኖራል። የእናትህ ደም ግፊት ምንድን ነው? … ክሮኒክ ነው፣ ሰይፉ። የአባትህስ ስኳር? … እኔ እንግዲህ አንድም ቀን አንስቼብህ አላውቅም። ሁለት ሰው ሲጋባ አጥንት የሚቆጠረው የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

መድኃኒት? የሚዋጥ የለውም። ይኸው የማደርገው ነው ሕክምናው። በሳሙና ማጠብ፣ ጠብታ በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቿ መሃል በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት፣ ከዚያ ፋሻ። … አዎ፣ ኮምፕሬሽን ያለህ እሱን ነው። ፋሻ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጠራ ከባድ ይመስላል። ከዚያ ካልሲና ጫማ። ስንጀምር ቁርጭምጭሚት አልነበራትም፤ አሁን ይታያል።

እማ፣ አመመሽ? … እሺ፣ ቀስ እላለሁ። … እማ፣ እዚሁ ጠብቂኝ፣ እጄን ላድርቅና ደጅ ሆኜ ላናግረው። ውሃው አይቀዘቅዝም፣ መጣሁ።

…

ይኸው ወጣሁ። አሁን የፈለግከውን ጠይቀኝ።

አይተላለፍም። … በመንካትም አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላትም፣ በትንፋሽም። በባዶ እጄ ሳጥብ ነበር እኮ። … አውቃለሁ ትለኛለህ? ካወቅክ፣ ባለፈው ቤታችን ስትመጣ ወንበሩ ላይ የተነጠፈውን ጋቢ አንስተህ ለምን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥከው? … ሞቆህ ነው። እሺ። አባቴ በእጁ የሸመነው ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ለክቡር እንግዳ ካልሆነ ከሣጥን አይወጣም። አንተ ከሄድክ በኋላ እማ ምን አለችኝ መሰለህ? «ልጁ ጨዋ ነው፣ ጋቢው እንዳይጨማደድ ብሎ አነሳው።» እኔም አዎ አልኳት።

ለምን ቀደም ብላ አልታከመችም? … ይሄን አንተ ትጠይቀኛለህ?

ሕክምናው እኮ ሩቅ አልነበረም፤ ከሰፈራችን በታች ነበር፣ ያውም በነጻ። ግን እዚያ የተሰለፈ ሁሉ ይታያል። የሻሺቱ እግር እንዲህ ሆኗል ከተባለ ነገ ልጇን ማን ያገባል? ቀሚሷን እስከ መሬት አስረዝማ ቤቷ ተቀመጠች። ሰው ሲመጣ አትነሳም፤ ወገቤን ነው ትላለች። እኔ ነርስነት ተምሬ ስመለስ ነው፣ ተጣልተን፣ ተላቅሰን፣ በግድ ያስጀመርኳት። ሊድን ይችል የነበረው ሁሉ ያኔ አልፎ ነበር። ለኔ ትዳር ብላ ነው እግሯን ያበላሸችው፣ ሰይፉ። ለዚህ ለኔና ላንተ ነገር።

… እሰማሃለሁ። በዘር? … እንዲህ ብለህ ከጠየቅከኝ አልዋሽህም። እግሩ ያበጠ ልጅ አይወለድም። የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው። … ተጋላጭነት ማለት፣ ሁለት ሰው አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግሩ ያርሳል፤ አንዱን ይይዘዋል፣ አንዱን ይተወዋል። የሚይዘው ሰው ደግሞ አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይበረክታል። … አዎ። እኔም ሊኖረኝ ይችላል። … የምንወልዳቸውም፣ አዎ። — አታቋርጠኝ፣ የሚቀጥለውን ስማ። እግሩን እየታጠበ ጫማ ያደረገ ሰው አይታመምም። ተጋላጭ ሆነም አልሆነ። ጫማ ነው፣ በቃ።

… «ራሷ በዘር ነው ብላለች» ልትላቸው ነው? እንደዚያ አላልኩም። ከወሰድክ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ውሰድ።

በኛ ቤት ሲወራረስ የመጣው ጫማ ማጣት ነው። እሱንም እማ እኔ ላይ ሳይደርስ አቁማዋለች። ከደጋው ከኦቾሎ ቅቤ ተሸክማ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በባዶ እግሯ ገበያ ወርዳ፣ ለኔ ሸራ ጫማ ገዝታ ነበር የምትመለሰው። ለራሷ መግዛት አልታያትም። አሁን ያ እግሯ ነው እናንተን የሚያሳፍራችሁ።

… አንተን አይደለም፣ እናትህን። እሺ። ሁልጊዜ እናትህ ናቸው።

ምን? … የኔ እግር ምን ሆነ? … አባያ ዳር። አስታውሳለሁ። አቃጠለኝ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። … ይህን ለእናትህ ነገርካቸው? … ለዶክተሩም።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ነበር፣ ሰይፉ። የክትባት ዘመቻ ነበር። ላንተ ነው ያልኩት፣ እግሬ ደክሟል፣ እንቀመጥ ለማለት ያህል። … አውቃለሁ። ሲጀምር ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ዶክተሩ አልተሳሳተም።

የምን ማስረጃ? … ነጻ ናት የሚል። … የሚሰጥ የለም። በደም የሚታይ ነገር አይደለም። በዓይን አይተው፣ ጠይቀው ነው የሚያውቁት። … እኔ የማላይ መስሎህ ነው? ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ሁሌም አያለሁ። ጣቶቼ ተራርቀው እንደሆነ፣ ቆዳው ወፍሮ እንደሆነ፣ አምፖል ሥር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ነርስ ስለሆንኩ አይደለም፣ ስለምፈራ ነው። ደህና ነው። እስካሁን ደህና ነው። ይህን ለእማም ነግሬያት አላውቅም። አሁን ላንተ ነገርኩህ፤ እስከ ነገ ዶክተር ጥዑመልሳን ጋ ይደርሳል።

… አትማልልኝ። ተው፣ አትማል።

እሑድ ምን? … ሽማግሌዎቹማ ይመጣሉ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ። አጎቴ ሸዋንዳኝ ይቀበላቸዋል፣ እማ ደግሞ… … ምን አልክ? … ድምፅህ ይቆራረጣል፣ ድገመው።

አክስቴ ወለቴ። በእናት ቦታ።

… ገባኝ። እማ ዞር ካለች፣ ሽማግሌዎቹ ካላዩዋት፣ እናትህ እሺ ይላሉ። … ሠርጉ ላይስ? … ሠርጉም ላይ። እናት ያላት ሴት በአክስቷ እናትነት ትዳር። በቁሟ ልቅበራት ነው የምትለኝ?

… ማን ተስማማ? … ማን? … ውሸትህን ነው። … መቼ ደወልክላት? … ሐሙስ። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ። — ያዝ፣ እንዳትዘጋው፤ ገብቼ ልጠይቃት።

እማ። … እማ፣ ቀና በይ። ሰይፉ ሐሙስ ደውሎልሽ ነበር? … እና አልነገርሽኝም። … ነገ ኦቾሎ እወጣለሁ፣ እዚያ ያለችው እህቴ ታማለች ያልሽኝስ? … ማንም አልታመመም። … እማ፣ እያየሽኝ ተናገሪ። … አላለቅስም። ማንም አልተቆጣሽም፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?

… ሄሎ። እውነትህን ነው፣ እሺ ብላሃለች። ቀድሞም ሰው ፊት መቀመጥ አልወድም፣ ልጄ ትዳር ከያዘች ይበቃኛል ትላለች። ሰው ፊት መቀመጥ አልወድም ያለችው ውሸት ነው። እግሯ ደህና ሳለ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ቀድማ የምትደርስ፣ አስቂኝ ወሬ እያወራች ሰውን በሳቅ የምታፈነዳ ሴት ነበረች። አንተ ያንን ሰው አላየኸውም። እኔም እየረሳሁት ነው።

እንዴት ብለህ ነገርካት? እኔን እንዳታስቀይም ትፈራለህ፣ እሷን ግን በስልክ፣ ብቻዋን ባለችበት… ምን ነበር ያልካት? እማ ዞር በይልን? … በጨዋ ቋንቋ ነው። አይጠረጠርም፣ ጨዋ ነህ።

… እማ፣ አይደለም፣ አልተጣላንም። እየተነጋገርን ነው። … ተይው አትበይኝ። … እማ፣ እሺ በይው አትበይኝ፣ እለምንሻለሁ።

ሰይፉ፣ ስማኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሐኪም የሚፈታው ነገር የለበትም። እሑድ እማ በገዛ ቤቷ፣ በእናት ቦታ፣ እግሯ በፋሻ እንደታሰረ ተቀምጣ፣ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?

… እናትህን አልጠየቅኩም። … እሳቸው ቢታመሙ አስታምማቸዋለሁ፣ አሁን ግን አንተን ነው የጠየቅኩት። … አስቤ ልደውል አትበለኝ። ስታስብ ነው የከረምከው፣ ከኔ በቀር ከሁሉ ጋር ስትመክር ነው የከረምከው። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?

…

ሄሎ?

… ሰይፉ፣ ትሰማኛለህ?

… ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል። አለህ።

… እዚያው ነህ። ትንፋሽህ ይሰማኛል።

…

እሺ። ሰምቻለሁ፤ ልዝጋው።

— እማ፣ መስመሩ ተቋረጠ። … አይ። ምንም አላለም።