የእትዬን ነጠላ ማን አነጣው?

አይደለም! ኩርፊያ አይደለም። ማሽን ፈርታ ነው የምትሄደው የሚል ካለም ፊት ለፊቴ ይበለኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ማለቴ ጋሽ ኡዘይር፣ ሒክማና እንግዳችን ተክለ ጊዮርጊስ፣ ለኬኩም ለለስላሳውም አመሰግናለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ስመጣ እዚህ ጎንደር አራዳ፣ ስቱዲዮአችሁ ውስጥ ወንበር የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሰርግ መቅረጹንም ማቀናበሩንም እዚሁ ነው የለመድኩት። ይሄን አልክድም።

ግን ያ ዕቃ! ተክለ ጊዮርጊስ ለሙከራ ብሎ ከአዲስ አበባ ያመጣው የቪዲዮ ቀለም ማስተካከያ። ሦስት ኳስ፣ ዙሪያውን መብራት። አንዷን ኳስ ነካ ሲያደርጓት ሰማዩ ይቀላል። ሸጋ ነው፣ አልዋሽም። ግን እኔ ሳልነካው ለምን ይሠራል? ስጠይቀው «አውቶማቲክ ነው፣ ራሱ ያውቃል» አለኝ።

«ምኑን ነው የሚያውቀው? ጎንደርን መቼ አየና?» አልኩት።

የራሴን ፊት አስገብቼ ሞከርኩት። ሒክማን አስመስሎ አወጣኝ! አትሳቂ ሒክማ፣ አንቺን ደግሞ ነገ ማንን እንደሚያደርግሽ አይታወቅም።

ከዚያ የአምባ ጊዮርጊሱ ሰርግ ገባለት። የሙሽራዋ አክስት፣ እትዬ ወለተሩፋኤል፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም። ለሀዘኑ በጭቃ ውሃ የነከሩትን ነጠላ ለብሰው ከዳሱ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ካሜራዬን ሲያዩ «ልጄ፣ እኔን ተይኝ፤ ሀዘንተኛ ነኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እንዳሉ ነው የማወጣዎት» አልኳቸው። ወላሂ ብዬ ነው የማልኩላቸው!

ዕቃው ምን አደረገ? ነጠላው ቆሽሿል ብሎ አጠበው! እትዬ ነጭ በነጭ ሆነው፣ ዓመት በዓል የወጡ መስለው ቁጭ አሉ። ሲዲው ነገ በመጀመሪያው መኪና ይሄዳል። ሀዘን ላይ ነን ብለው ከሰርጉ የቀሩት የባለቤታቸው ወንድሞችም ተሰብስበው ያዩታል። «ሀዘኗን አውልቃ ሰርግ ሄደች» ቢሏቸው ማን ይመልስላቸዋል? ኳሱ?

ይሄን ስናገር ተክለ ጊዮርጊስ ምን አለኝ? «አንዲት ሴትዮ ናቸው፣ ጥግ ላይ ናቸው፣ ማን ያያቸዋል?»

ምነው ወንድሜ! በሰርግ ቪዲዮ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጥግ ላይ ማን እንደተቀመጠ አይደል?

ጋሽ ኡዘይርም «ነጭ ለሁሉም ያምራል። ወይ በማሽኑ ሥሪ፣ ወይ ቦርሳሽን አንሺ» አሉኝ። ቦርሳዬ ይኸው። ኮምፒውተሩን ባይቆልፉብኝ ግን አስተካክዬው ነበር የምወጣው።

በሉ እንግዲህ። ጋሽ ኡዘይር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ሲቆጡም አባቴ ነዎት። ሒክማ፣ አላህ ለወግ ማዕረግ ያብቃሽ፣ ሰርግሽን የምቀርጸው እኔ ነኝ፤ ፊትሽን ማንም አይነካውም። ተክለ ጊዮርጊስ፣ አንተም አገርህ በሰላም ግባ፣ ከነኳሶችህ። የሁላችሁንም ሥራ ይባርክላችሁ፣ ደጃችሁ ሰው አይጣ።

እኔ አዘዞ አጎቴ ቤት ነኝ። ዋናው ቅጂ ጥቁሩ ዲስክ ላይ አለ፣ እንዳታጠፉት! የእትዬን ነጠላ ወደ ጭቃው መልሱና ደውሉልኝ። ካልደወላችሁ ስልካቸው እኔ ጋ አለ፤ ሲዲው ሳይደርስ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ማን እንዳነጣውም ጭምር። ነገ አላልኩም፣ ሲመቸን አትበሉኝ። ዛሬ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ደውሉልኝ!