የጊታሩ ማንገቻ

እኔ ጊታር አይቼ አላልፍም። አንዱን ሰጥቼ ሌላውን ስቀበል፣ ያንንም መልሼ ስለውጥ ነው የኖርሁት። የመጀመሪያዬን ብቻ፣ ሆዱ ላይ የተሰነጠቀውን፣ ለማንም ለመስጠት ጨክኜ አላውቅም ነበር። ባለፈው አቀስታ ገበያ አንድ ጎልማሳ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጊታር ይዞ “በዚያ በያዝኸው እንለዋወጥ” ሲለኝ ግን ልቤ ሸፈተ፤ ያን የመጀመሪያዬን ሰጠሁት። አብረውት የመጡት ሽማግሌ አባቱ የድሮ ጊታሬን ተቀበሉና ማንገቻውን ፈትተው መለሱልኝ።

“ያዘው ልጄ። እኛ ከብት ስንሸጥ ገመዱን ይዘን ነው የምንመለስ። በረካው ከቤትህ እንዳይወጣ።”

ሳቄ መጣ። “አባቴ፣ ይሄ እኮ ላም አይደለም” አልኋቸው።

“አይደለም? ታዲያ ዓይንህ ምነው አልለቀው አለ?”

ቀዩን ታቅፌ፣ ማንገቻውን እጄ ላይ ጠቅልዬ መካነ ሰላም ቤቴ ገባሁ። የአዲሱ ድምፅ ያምራል፤ አልዋሽም። ማንገቻው ግን የድሮው ጊታር ይሰቀልበት በነበረው ሚስማር ላይ ብቻውን ተንጠልጥሏል። ትናንት ባለቤቴ አየችውና “ለቀዩ አታደርግለትም እንዴ?” አለችኝ።

“የሌላ ነው” አልኋት።