ሟርተኛ የተባልኩበት የእሑድ ጨዋታ

ቃል ሰጪ፦ ወ/ሮ ቬልማ ኦስትጋርድ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር
አድራሻ፦ አዮዋ፣ ሃርሎ ክሪክ ከተማ፣ ከእህል ጎተራው ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ እሑድ ጁላይ 14 ቀን 2019፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ዴል ሆቨስታድ
ጉዳዩ፦ በቤዝቦል ሜዳ ውስጥ የተመልካች ጣት ነክሰዋል በመባል

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደተገለጸው ነው። የአቶ ሎይድ ፊንስተርን የቀኝ እጅ የመሐል ጣት ነክሰሻል ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ አዎን ነክሻለሁ። ለምን ነከስሽው ለሚለው ግን መልሱ አጭር አይደለም። መርማሪው በአጭሩ እንድናገር ቢጠይቀኝም፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአውቶቡሴ ያመላለስኩት ልጅ ስለሆነ፣ ቁጭ ብሎ ሁሉንም እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ።

የከተማችን ቡድን ፍልፈሎቹ ይባላል። ወደ ትልቁ ሊግ ለመግባት የሚታገሉ ለጋ ልጆች የሚጫወቱበት ቡድን ነው። ደመወዛቸው ቤት ስለማያከራይ፣ ጸደይ ሲገባ እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ነዋሪ ቤት ያርፋል። እኔም ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ልጅ ተቀብዬ አሳድራለሁ። የዘንድሮው ያይሮ ቤንኮስሜ ይባላል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ኳስ ወርዋሪ ነው። እማማ ብሎ ነው የሚጠራኝ። የበላበትን ሳህን ሳያጥብ አይነሣም፤ የሰው ቤት ነው ብሎ ደረጃውን እንኳ የሚወጣው በጣቱ ጫፍ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ እንቁላሉን በግራ እጁ ሲበላ አየሁት። ቀኙን ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ክንድህ ምን ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ "ምንም አልሆነም እማማ፤ ተኝቼበት ነው" አለኝ። ይህን ሲለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። አጥብቄ ስጠይቀው፣ በዚህ ሳምንት ከትልቁ ሊግ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ሊያየው እንደሚመጣና አመመኝ ያለ ልጅ ወደ አገሩ እንደሚሸኝ ነገረኝ። "እናቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች" አለ። እኔም፣ "ክንድህ ከተበላሸ በምን ልትወረውር ነው፣ በምላስህ?" አልኩት። ሳቀ፤ ቡናውን ግን በሁለት እጁ ነው ያነሣው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳው ደርሼ፣ አሰልጣኙን ክሊት ራድማከርን በአጥሩ በኩል ጠርቼ ያየሁትን ነገርኩት። የሱፍ ፍሬ ቅርፊት እየተፋ፣ "ቬልማ፣ አንቺ እንቁላልሽን ጥበሺ፣ ክንዱን ለእኔ ተዪው። እንደ ሁልጊዜው በየመሐሉ እጠይቀዋለሁ፤ አመመኝ ካለ አወጣዋለሁ" አለኝ። እጠይቀዋለሁ ማለቱን መርማሪው እንዲያሰምርበት እፈልጋለሁ።

ጨዋታው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። መቀመጫዬ ከተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር አጠገብ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። አናጢው አቶ ሎይድ ከኋላዬ ተቀምጦ ሆት ዶግ ይበላ ነበር። ያይሮ ሲወረውር ከተጋጣሚዎቻችን አንድም መቺ ኳሱን በደንብ መትቶ፣ ቤዝ ወደሚባለው ማረፊያ ሮጦ መድረስ አልቻለም። አምስተኛው ዙር አለቀ፤ ስድስተኛውም አለቀ፤ አሁንም አንድ ሰው አልመታበትም።

አንድ ወርዋሪ ዘጠኙንም ዙር እንዲህ አድርጎ ከጨረሰ፣ ስሙ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የሚጠበቅ ልማድ አለ። ልጁን ማንም አያናግረውም። አጠገቡም የሚቀመጥ የለም። የሆነውን ነገር በስሙ የጠራ ሟርተኛ ነው፤ ዕድሉን አበላሸ ይባላል። ያይሮ አግዳሚው ጫፍ ላይ ብቻውን ነበር፤ ጓደኞቹ ተስቦ እንደያዘው ሰው ሸሽተውታል። እኔም በዚሁ ልማድ ያደግኩ ነኝ። በሌላ ቀን ቢሆን የሚያወራውን ሰው በክርኔ ጎሽሜ ዝም የማሰኘው እኔ ነበርኩ።

ሰባተኛውን ዙር ወርውሮ ሲመለስ ግን የውኃውን ጠርሙስ መክፈት አቃተው። በጉልበቶቹ መሐል አጣብቆ በግራው ታገለው፤ በመጨረሻ ክዳኑን በጥርሱ አወጣው። ከዚያ ቀና ብሎ አሰልጣኙን አየ። አሰልጣኙ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። የቡድኑን ወጌሻ አየ። ወጌሻው ጎንበስ ብሎ የታሰረ ጫማውን ፈትቶ እንደገና ያስር ጀመር። ልጁ አንድ የሚያየው ዓይን አጣ። በሌላ ቀን ቢሆን ገና ድሮ ክንድህ እንዴት ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ጎረምሳና ሽማግሌ፣ ዕድሉ ይበላሻል ብሎ ፈርቶ፣ የልጁ ክንድ ሲበላሽ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ደሜ ፈላ። ይህም እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ ደሜ ፈላ።

ተነሥቼ አጥሩን ተደግፌ፣ "ያይሮ! ክንድህን አሞሃል ወይ?" ብዬ ጮህኩ።

ከየአቅጣጫው ጩኸት ወረደብኝ።

"ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ኧረ አታሟርቺበት!"

"ይቺን ጠንቋይ ማን ነው ያስገባት?"

ከላይ ኦቾሎኒ ተወረወረብኝ። እኔም ዞሬ፣ "ጠንቋይስ እናታችሁ! ዓይን ካላችሁ ልጁን እዩት!" አልኳቸው። እናታችሁ ማለቴን አልክድም።

ያይሮ ቀና ብሎ አየኝና አፉን ከፈተ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሊመልስልኝ ነበር። ወዲያው አቶ ሎይድ ከኋላዬ ደርሶ ሰናፍጭ በነካ እጁ አፌን አፈነኝ። "ቬልማ፣ በፈጠረሽ፣ ሁለት ዙር ነው የቀረው፤ አፍሽን ዝጊ!" አለኝ። ጣቱ አፌ ውስጥ ገባ፤ ነከስኩት። በስሕተት ነው ብዬ አልዋሽም፤ አስቤ ነው የነከስኩት፤ ሰናፍጩንም ቀምሼዋለሁ። እሱ ሲጮህ ሕዝቡም አብሮት ጮኸ። ያይሮ አፉን ዘግቶ ኳሱን አነሣና ለስምንተኛው ዙር ወደ መወርወሪያው ወጣ።

ሁለት ጥበቃዎች ብብቴን ይዘው ሲያስወጡኝ በሩ ጋ ሳንደርስ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ዋይ!" አለ። ዞሬ ስመለከት ያይሮ ተንበርክኮ ቀኝ ክንዱን ታቅፎ አየሁት። የወረወረው ኳስ ከመቺው ርቆ አጥሩ ሥር ይንከባለል ነበር። አሰልጣኙ እየሮጠ ወጣ። ምን እንዳለው ኳስ ተቀባዩ ልጅ ኋላ ነግሮኛል። "ክንድህ እንዴት ነው?" ነው ያለው።

በሩ ላይ አንዲት ሴት፣ ልጆቿን ለዓመታት ያመላለስኩላት ሴት፣ "ደስ ይበልሽ፣ አሟርተሽ ጣልሽው" ብላኝ አለፈች። የምመልስላት ነገር በአፌ ሞልቶ ነበር፤ ግን አምቡላንሱ ስለመጣ ጥበቃዎቹን ገፍትሬ ሮጥኩ። ወጌሻው የክርኑ ጅማት ሳይበጠስ እንዳልቀረና ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። አሁን ምላሱ ተፈታለት። ያይሮ ቃሬዛው ላይ ሆኖ በደህናው እጁ እጅጌዬን ያዘና፣ "እማማ፣ አዎ ልልሽ ነበር እኮ" አለኝ። አብሬው ልሳፈር ስል ፖሊስ ያዘኝ፤ ወደዚህም አመጣኝ።

መርማሪው ተጸጽቻለሁ የሚል ቃል ብሰጥ አቶ ሎይድ ክሱን ሊተወው እንደሚችል ገልጾልኛል። አልተጸጸትኩም። ጣቱ በሳምንት ውስጥ ይድናል፤ መዶሻም ይይዝበታል። ክስ የሚቀርብ ከሆነ፣ በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያዩትም ሁሉ ተጠርተው ለምን ዝም እንዳሉ ይጠየቁልኝ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነቦልኝ አድምጫለሁ። ከአፌ የወጣ ነው፤ ሐሰት የለበትም፤ ማንም አስገድዶኝ አልተናገርኩም። ልጁ ሆስፒታል ውስጥ አጠገቡ ሰው ስለሌለ፣ ፈርሜ ቶሎ እንድሄድ ይፈቀድልኝ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ቬልማ ኦስትጋርድ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ መርማሪ ዴል ሆቨስታድ
ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ እንደፈረሙ በፖሊስ መኪና ወደ ሆስፒታል አድርሻቸዋለሁ። ዴ.ሆ.